ከክሩ በፊት መደቡ፦ ለካንቫስ ጥልፍ የክር ቀለም አመራረጥ

የዚህ ትምህርታዊ የሬዲዮ ዝግጅት ርእስ በካንቫስ ላይ ለሚሠራ ጥልፍ የክር ቀለም እንዴት እንደሚመረጥ ሲሆን፣ የሚያተኩረውም በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ፣ ከባሕር ዳር በስተደቡብ ወደ መራዊ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በመሸንቲም ጭምር፣ በየቤታቸው መርፌና ክር ይዘው ለሚውሉ የእጅ ሥራ ባለሙያዎች በሚጠቅመው ጉዳይ ላይ ነው። ሬዲዮ ቀለም ማሳየት የማይችል መሣሪያ መሆኑ ለእንዲህ ያለው ርእስ እንቅፋት ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ቀለምን በቃል ብቻ መግለጽ ግድ ሲሆን፣ ቀለሙ ምን ያህል ብሩህ፣ ምን ያህል ጥቁረት ያለው፣ ምን ያህልስ ደብዛዛ እንደሆነ መመርመርም ግድ ስለሚሆን፣ ጉድለቱ ለትምህርቱ የሚበጅበት ገጽታ አለው።

ነገሩ እንዳይደበላለቅ በመጀመሪያ ሦስት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። ጥለት የሚባለው ሸማኔው ጨርቁን በመሥራት ላይ ሳለ፣ በቁመት በተወጠረው ድር መካከል በወርድ የሚመላለሰውን ማግ በባለ ቀለም ክር እየለወጠ በነጠላው ወይም በቀሚሱ ጠርዝ ላይ የሚያወጣው ጌጥ ሲሆን፣ ጥልፍ ደግሞ ተሸምኖ ባለቀ ጨርቅ ላይ በመርፌ የሚጨመር ጌጥ ነው። የካንቫስ ጥልፍ ከጥልፍ ወገን ቢሆንም የራሱ ጠባይ አለው። ካንቫስ ሲባል እዚህ ላይ የሠዓሊው ሸራ ሳይሆን፣ ቀዳዳዎቹ እንደ ወንፊት እኩል የተደረደሩ፣ ጠንከር ያለ መረብ መሰል ጨርቅ ማለት ነው፤ ጥቅጥቅነቱም በአንድ ኢንች ውስጥ ባሉት ቀዳዳዎች ቁጥር ይለካል፤ 10፣ 12፣ 14 እና 18 የተለመዱት ናቸው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ስፌቱ ትልቅ፣ ክሩም ወፍራም ይሆናል፤ በበዛ መጠን ደግሞ ስፌቱ ይደቅና ንድፉ ረቂቅ ዝርዝር መያዝ ይችላል። ከሁሉ በላይ የሚለየው ግን፣ በዚህ ሥራ መረቡ ከዳር እስከ ዳር በክር ተሸፍኖ ከጨርቁ ምንም የማይታይ መሆኑ ነው።

ይህ ልዩነት ቀላል መስሎ ቢታይም የቀለም ምርጫውን ከሥሩ ይለውጠዋል። ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ እንደነበረ የሚነገርለትና እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተወሰደ፣ በባለ ቀለም ሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ ይገኛል። እንዲህ ባለው የሐበሻ ልብስ ጥልፍ ውስጥ የመጀመሪያውን ቀለም የሚሰጠው የጠላፊው እጅ ሳይሆን ጥጡ ራሱ ነው፤ ሐሩ የሚቀመጠው በነጭ መካከል ስለሆነ፣ ቀዩም አረንጓዴውም ሁለቱን ጎኖቹን በሚያሳርፍ ባዶ ቦታ ተከብቦ ይደምቃል። ሸማ ላይ የሚጠልፍ ሰው መደቡን፣ ማለትም ጌጡ ያረፈበትን የጀርባ ቀለም፣ አስቦበት አያውቅም፤ ፈታይዋና ሸማኔው አስቀድመው አስበውለታልና። ካንቫስ ላይ ግን መደብ የሚባል ነገር ካልተሰፋ የለም። ስለዚህ በሸማ ጥልፍ የለመደ እጅ ወደ ካንቫስ ሲሸጋገር በብዛት የሚሳሳተው፣ የአበባውን፣ የመስቀሉን ወይም የወፉን ቀለም በጥንቃቄ መርጦ ከጨረሰ በኋላ መደቡን በተረፈው ክር በመሙላቱ ነው። መደቡ ከጠቅላላው ስፋት ብዙውን ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚይዝ በመሆኑ፣ መጨረሻ ላይ የተመረጠው ክር በመጀመሪያ የተመረጡትን ሁሉ መልሶ ይለውጣቸዋል።

የዚህ መለዋወጥ ምክንያት በሚገባ የተጠናው ፈረንሳይ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 ሚሼል ዩጂን ሼቭረል የተባለው ኬሚስት፣ በሽመና ሥዕል የተሠሩ የግድግዳ መጋረጃዎች በሚመረቱበት በፓሪሱ የጎብላን ሥራ ቤት የክር ማቅለሚያው ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ከቀረቡለት አቤቱታዎች አንዱ፣ በሰማያዊና በሐምራዊ መጋረጃዎች ውስጥ ጥላ እንዲሆን የሚገባው ጥቁር ክር ጥቁረቱ ደካማ ነው የሚል ነበር። ሼቭረል ጥቁሩን ክር ከሌሎች ሥራ ቤቶች ጥቁር ክር ጋር አስተያይቶ ቢመረምር በማቅለሚያው ላይ አንዳች ጉድለት አላገኘም፤ ጥቁሩን ያደከመው ከጎኑ የተቀመጠው ሰማያዊ ነበር። ከዚህ ተነሥቶ ባካሄደው ጥናት፣ ሁለት ቀለማት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዓይን በመካከላቸው ያለውን ልዩነት አጉልቶ እንደሚያይ አረጋገጠ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1839 በመጽሐፍ አሳተመ። ሰውየው ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ በመሆኑ መጽሐፉ በሠዓሊዎችም በሸማኔዎችም ዘንድ ያመጣውን ለውጥ በዓይኑ ለማየት በቅቷል። ሼቭረል ባረጋገጠው በዚህ ሕግ መሠረት፣ ያው አንድ ግራጫ ክር በቢጫ ሲከበብ ወደ ሰማያዊና ሐምራዊ ያዘነበለ፣ በቀይ ሲከበብ ደግሞ አረንጓዴ የነካው ይመስላል፤ በጥቁር መካከል ይበራል፤ በነጭ መካከልም ይጠቁራል። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ብቻውን ታይቶ የተወደደ ክር ቤት ሲደርስ ሌላ መልክ ይዞ መገኘቱ ከዚህ የሚመጣ ነው እንጂ ሻጩ አታልሎ አይደለም።

ቀለምን ለመምረጥ የቀለምን ሦስት ባሕርያት ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። አሜሪካዊው የሥዕል መምህር አልበርት መንሰል እ.ኤ.አ. በ1905 ባሳተመው የቀለም አሰያየም ሥርዓት ውስጥ ባሕርያቱን በሚከተለው መንገድ ይለያቸዋል። አንደኛው ወገኑ ነው፤ ይኸውም ቀለሙ ከቀይ፣ ከቢጫ፣ ከአረንጓዴ፣ ከሰማያዊ ወይም ከሐምራዊ ወገን መሆኑ ነው። ሁለተኛው ብርሃኑ ነው፤ ይኸውም ቀለሙ ወደ ነጭ ወይም ወደ ጥቁር ምን ያህል መቅረቡ ነው። ሦስተኛው ድምቀቱ ነው፤ ይኸውም ቀለሙ የጠራ ወይም በግራጫ የደበዘዘ መሆኑ ነው። ሰው ክር ሊገዛ ሲሄድ የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው፤ ቀይ ፈልጎ ቀይ ይገዛል። ሥዕሉ ከሩቅ እንዲለይ የሚያደርገው ግን ሁለተኛው ባሕርይ ነው። ብርሃናቸው እኩል የሆነ ቀይና አረንጓዴ ክሮች በቅርብ ሲያዩአቸው እንደ ሰማይና ምድር የተራራቁ ቢመስሉም፣ ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ሲታዩ ድንበራቸው ይጠፋል። ይህን ለመፈተሽ የተመረጡትን ክሮች ጎን ለጎን ዘርግቶ በእጅ ስልክ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ማንሣት ይበቃል፤ በፎቶው ላይ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው የታዩ ሁለት ክሮች በንድፉ ውስጥ እንዲለያዩ ከተፈለገ፣ አንዱ በብሩህ ወይም በጠቆረ ሌላ ክር መተካት አለበት። ስልክ በሌለበትም ዓይንን ጨፈን አድርጎ በሽፋሽፍት መካከል ማየት ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል።

ሦስተኛውን ባሕርይ፣ ድምቀትን፣ ለማስረዳት ደግሞ አማርኛ ራሱ ከበቂ በላይ ቃላት አሉት፤ እነዚህም የሚገኙት በሥዕል መጻሕፍት ውስጥ ሳይሆን በከብት በረት ነው። ዳለቻ በሬ፣ ቡላ ላም፣ ዳማ ፈረስ ሲባል የሚጠራው ቀለም ከቀስተ ደመናው ቀለማት አንዱ አይደለም፤ ዳለቻ ወደ ነጭ ያደላ አመድማ ነው፤ ቡላ የደበዘዘ ገለባማ ነው፤ ዳማም ቀይ የገባበት ቡናማ ነው። ገበሬው እነዚህን ስሞች ያወጣው እንስሳቱን ከሩቅ ለይቶ ማወቅ ስላለበት ነው፤ ጥልፍ ሠሪውም ክሮችን በእነዚህ ስሞች ቢጠራ፣ በፋብሪካ ቁጥር ብቻ ከሚጠራቸው ይልቅ ጠባያቸውን በቀላሉ ያስታውሳል። አንድ የካንቫስ ሥራ ዓይን እንዲያርፍበት አብዛኛው ስፋቱ ከዳለቻ፣ ከቡላና ከዳማ ወገን በሆኑ ደብዘዝ ያሉ ክሮች መሞላት አለበት፤ የጠሩት ደማቅ ቀለሞች ግን ጥቂት ቦታ ብቻ ሊሰጣቸው ይገባል። ይህ በገበያው ካለው ዝንባሌ ጋር አይስማማም። እ.ኤ.አ. በ1856 ዊልያም ፐርኪን የተባለው የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ሰው ሠራሽ ሐምራዊ ማቅለሚያ በአጋጣሚ ካገኘ ወዲህ ደማቅ ቀለም ርካሽ ሆኗል፤ በዚያው ዘመን ከበርሊን በሚወጡ ባለ ካሬ ንድፎች ላይ ተመሥርቶ አውሮፓን አጥለቅልቆ የነበረው የሱፍ ጥልፍም ብዙ ሳይቆይ ዓይን በሚወጉ ቀለማት ተሞላ። ዛሬ ዲ ኤም ሲ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ብቻ የጥልፍ ክሩን በ500 ገደማ ቀለማት ያቀርባል። የጥልፍ ሠሪ ችግር ቀለም ማጣት የነበረበት ጊዜ አልፎ፣ ቀለም መተው አለመቻል ሆኗል።

ደማቅ ቀለም ፈጽሞ አይቀራረብ ማለት ግን አይደለም፤ ለዚህም የጣና ገዳማት የግድግዳ ሥዕሎች ምስክር ናቸው። በዘጌ ልሳነ ምድር እንዳለው እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ያለ አንዳች ፍርሃት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ ዓይን አይጨነቅም። አንዱ ምክንያት ሠዓሊው እያንዳንዱን የቀለም ቦታ በጥቁር ወይም በጠቆረ መስመር ማጠሩ ነው፤ መስመሩ ሁለቱን ቀለማት ስለሚለያያቸው አንዱ በሌላው ላይ የሚያደርገው ተጽዕኖ ይቀንሳል፤ ሼቭረልም ከመጽሐፉ ክፍሎች አንዱን ቀለማት በነጭ፣ በጥቁርና በግራጫ ሲለያዩ ስለሚሆነው ነገር ለማስረዳት አውሎታል። በሐበሻ ጥለትም ውስጥ በደማቅ ቀለማት መካከል የምትገባ ቀጭን ጥቁር መስመር ይህንኑ ሥራ ስትሠራ ትታያለች። ለካንቫስ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ደማቅ ቀለሞችን ማቀራረብ የፈለገ ጥልፍ ሠሪ በመካከላቸው አንድ ረድፍ የጠቆረ ስፌት ማኖር ይኖርበታል። መስመሩ የግድ ድፍን ጥቁር መሆን የለበትም፤ እንደውም በ10 ቀዳዳ ካንቫስ ላይ፣ ስፌቱ ትልቅ በመሆኑ፣ ድፍን ጥቁር ከአጥር ይልቅ ግድግዳ ስለሚመስል፣ የተቆላ ቡና የመሰለ ጥቁር ቡናማ የተሻለ ነው።

እስካሁን የተባለው ሁሉ በአንድ ሥራ ላይ ሲውል የሚሆነውን ለማየት፣ በጣና ላይ የሚቀዘፍ የደንገል ታንኳ የሚያሳይ፣ ርዝመቱም ወርዱም 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ የካንቫስ ንድፍ ይወሰድ። እንዲህ ያለ ንድፍ የያዘ ሰው ከሱቅ መጀመሪያ የሚያነሣው ክር ሰማያዊ እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም፤ ውሃ ሰማያዊ ነው ተብሎ ከልጅነት ተምሯልና። ጣና ግን እንደ ጥልቅ ባሕር ሰማያዊ ሐይቅ አይደለም። ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋው ይህ ሐይቅ ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ በመሆኑ ነፋስ ሲነሣ ደለሉ ከታች ይታመሳል፤ በክረምትም እንደ ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ያሉት ወንዞች አፈር ተሸክመው ስለሚገቡ ውሃው ወደ ቡናማነት ይለወጣል፤ በበጋ ጠዋት ደግሞ አመድማ ወይም አረንጓዴ የቀላቀለ ግራጫ መስሎ ይታያል። ደማቅ ሰማያዊ ክር እዚህ ንድፍ ላይ ቢውል ታንኳው ጣና ላይ መሆኑ ይቀርና የፖስታ ካርድ ላይ ይሆናል።

ስለዚህ በመጀመሪያ የሚመረጠው የውሃው መደብ ነው፤ ለዚህም መካከለኛ ብርሃን ያለው ዳለቻ ክር ይወሰዳል። ታንኳው ቀጥሎ ይመጣል፤ ደንገል ሲታጨድ አረንጓዴ ቢሆንም ታንኳ የሚሠራው ደርቆ የገለባ መልክ ሲይዝ ስለሆነ፣ ክሩ ቢጫነት ያለው ቡላ መሆን አለበት፤ ውሃ የጠጣው የታንኳው ሆድ በአንድ ደረጃ በጠቆረ ቡላ ይሰፋል። አሁን የሼቭረል ሕግ ያለ ተጨማሪ ወጪ ሥራውን ይሠራል፤ ዳለቻው ውሃ ከቢጫማው ታንኳ አጠገብ ሲሰፋ ሰማያዊ የነካው ይመስላል፤ ሰማያዊ ክር ሳይገዛ ውሃው ውሃ ይሆናል። ጥቂት ማጠናከር ካስፈለገ፣ የጥልፍ ክር ስድስት ቀጫጭን ዘለላዎች አንድ ላይ የተገመዱበት በመሆኑ፣ ሁለት የዳለቻ ዘለላ ከአንድ ደብዛዛ ሰማያዊ ዘለላ ጋር በአንድ መርፌ ማስገባት ይቻላል፤ ድሩ በአንድ ቀለም፣ ማጉ በሌላ የሆነ ጨርቅ ከሩቅ ሦስተኛ ቀለም እንደሚመስል ሁሉ፣ ዓይን ዘለላዎቹን ራሱ ያዋህዳቸዋል። ቀዛፊው የለበሰው ጋቢ ነጭ ነው ቢባልም በፋብሪካ የነጣ ነጭ ክር ለጋቢ አይሆንም፤ ለጋቢው ባዘቶ የመሰለ ወተትማ ክር፣ ለእጥፋቱ ጥላ ደግሞ ከውሃው ዳለቻ ብሩህ የሆነ ግራጫ ያስፈልጋል፤ ድፍኑ ነጭ ፀሐይ በምታርፍበት ትከሻ ላይ ለሁለትና ለሦስት ስፌት ብቻ ይቆያል። ከኋላ የሚታየው የዘጌ የቡና ደን በጥቁር አረንጓዴ ይሠራል፤ ሰማዩም ከውሃው ይልቅ ብሩህ በሆነ ክር ይሸፈናል።

አንድ ደማቅ ቀለም ለዚህ ንድፍ ቢፈለግ ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ በመስከረም ዳርቻውን የምትሸፍነው የአደይ አበባ ቢጫ ሲሆን፣ ከታንኳው ወገን ስለሆነ በሰላም ይገባል። ሌላው፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው የእምቦጭ አረም አበባ ፈዛዛ ሐምራዊ ነው። ከቀለም አንጻር ብቻ ከታየ ሐምራዊው ለገለባው ቢጫ ተቃራኒ ቀለም በመሆኑ ሥራውን ሁሉ ሕያው ያደርገዋል፤ ለሐይቁ የሚያስብ ጥልፍ ሠሪ ግን አረሙን በመርፌ ሊዘራው ላይፈቅድ ይችላል፤ ይህን የሚወስነው የቀለም ሕግ አይደለም።

ከቀለሙ ቀጥሎ የክሩ ዓይነት ይታሰባል። ሱፍና ተራ ጥጥ ብርሃንን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ስለሚበትኑ ቀለማቸው ከየትኛውም አቅጣጫ ያው ነው፤ ሸማኔዎች ሳባ የሚሉት አብረቅራቂ ክር፣ ሐርና ወርቀ ዘቦ ግን ብርሃንን በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚመልሱ ስፌቱ ባዘነበለበት አቅጣጫ መጠን አንዴ ብሩህ፣ አንዴ ጠቆር ብለው ይታያሉ። በታንኳው ንድፍ ውስጥ ሳባ ለውሃው መደብ ቢውል ሐይቁ ሁሉ ያብለጨልጭና ታንኳው ይጠፋል፤ ከመቅዘፊያው ሥር ባለችው አንዲት የሞገድ መስመር ላይ ብቻ ቢገባ ግን በቂ ነው። በጠቆሩ ክሮች ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ ነጩ መረብ በስፌቶቹ መካከል እንደ ጨው ብቅ ብቅ ይላል። መፍትሔው የጠቆረው ክፍል የሚያርፍበትን መረብ አስቀድሞ በውሃ በማይለቅ ቀለም መቀባት ወይም በዚያ ቦታ በመርፌው ላይ አንድ ዘለላ መጨመር ነው።

ምርጫው የሚካሄደው በቀን ብርሃን፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት በር ወይም መስኮት አጠገብ ሲሆን ይመረጣል፤ በአምፖል ብርሃን አንድ የመሰሉ ሁለት ክሮች፣ የተነከሩበት ማቅለሚያ ከተለያየ፣ በቀን ሊለያዩ ይችላሉና። ሥራው ምሽት ላይ በሚበራ ሳሎን የሚሰቀል ከሆነ ደግሞ የተመረጡት ክሮች በዚያው መብራት ሥር አንድ ጊዜ መታየት አለባቸው። ባሕር ዳር ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት፣ በዩኒቨርሲቲዋም የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት የሚሰጥባት ከተማ ስትሆን፣ በሙያው ዘንድ የቀለም ጽናት የሚባለው፣ ማለትም ቀለሙ በውሃ፣ በፍትጊያና በፀሐይ ያለመልቀቁ ጉዳይ፣ በቤትም በቀላሉ ይፈተሻል። ከክሩ ጥቂት ተቆርጦ በሞቀ ውሃ ከራሰ በኋላ በነጭ ጨርቅ መካከል ተደርጎ ሲጫኑት ጨርቁ ከቀላ ወይም ከጠቆረ፣ ያ ክር ከወተትማው ጋቢ አጠገብ መሰፋት የለበትም። ለፀሐይ ደግሞ ግማሹ በወረቀት የተሸፈነ ቁራጭ ክር መስኮት ላይ ለጥቂት ሳምንታት ማኖር ይበቃል፤ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው የጣና ዳርቻ ፀሐይ ደካማውን ቀለም ለመለየት ብዙ አይቆይም።

የመጨረሻው ጉዳይ መጠን ነው። ከካንቫሱ ዳር ላይ ርዝመቱም ወርዱም 3 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ተሰፍቶ የፈጀው ክር ይለካል፤ የ30 በ30 ንድፍ እንዲህ ያሉ 100 ካሬዎችን ስለሚይዝ፣ ለምሳሌ አንዱ ካሬ 2 ሜትር ቢፈጅ ጠቅላላው 200 ሜትር ይሆናል፤ ውሃው የንድፉን ግማሽ ቢይዝ ለእርሱ ብቻ 100 ሜትር ዳለቻ ያስፈልጋል ማለት ነው። አንዱ የዲ ኤም ሲ ጥቅል 8 ሜትር በመሆኑ ይህ ከ12 ጥቅል በላይ ነው፤ ለሚፈታና ለሚበላሽ ተጨምሮበት 15 ጥቅል በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ መገዛት ይኖርበታል። በማሸጊያው ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ በአንድ ጊዜ የተነከረውን ክር ከሌላው የሚለይ ቁጥር ካለ፣ በሁሉም ጥቅሎች ላይ አንድ መሆኑ ይታያል፤ ከሁለት ንክር የመጣ ዳለቻ በእጅ ላይ ልዩነቱ ባይታወቅም፣ በሰፊው ውሃ ላይ ሲሰፋ አንዱ አልቆ ሌላው የጀመረበት ድንበር ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይወጣል። የሌሎቹ ክሮች ልዩነት በትንንሽ ቦታዎች ውስጥ ተደብቆ ሊያልፍ ስለሚችል፣ የታንኳው፣ የጋቢውና የደኑ ክር እንደ አስፈላጊነቱ ቀስ በቀስ ቢገዛ ጉዳት የለውም።